ፎርማኑ «14 ከሌለ በ12 እንሥራው» ለሚላት እህቴ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። እህታችን ባሕር ዳር ሰባታሚት ላይ ጂ ፕላስ 2 ቤት ጀምራለች። ፉቲንጉ (የመሠረቱ እግር) ተሞልቷል፣ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ሊቆም ነው። ባለቤቷ ሥራው ሌላ ከተማ ስለሆነ ግዢውም ክትትሉም እሷ ላይ ወድቋል። ፎርማኑ «ባለ 14 ፌሮ ገበያ ላይ የለም፣ በ12 እንሥራውና አንድ እንጨምርበት» ይላታል (ፌሮ አርማታ ውስጥ የሚቀበረው የብረት ዘንግ ነው፣ 14 እና 12 ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ነው)። ሻጩ «ግሬድ 40 ሆነ ግሬድ 60 ያው ብረት ነው» ይላታል። ከጓሮ 8 በ15 ሜትር የሆነ የእህል መጋዘን አስባለች፤ በያጁ ሁሉንም በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) እጨርስልሻለሁ ብሏታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ደግሞ ቤቱንስ ለምን በአይ ቢም (በI ፊደል ቅርጽ በተሠራ ወፍራም ብረት) አታቆሚውም እያለ ይጨቀጭቃታል። «የትኛው ብረት የት እንደሚገባ ሰው በሚገባው ቋንቋ ንገሩኝ» ነው ያለችው።

እሺ እህቴ። ሥራዬ ስትራክቸር ነው። ባሕር ዳርና ዙሪያዋ 16 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ተሸውጄም አውቃለሁ፣ እሱን ኋላ እነግርሻለሁ። መልሱ ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ከቸኮለው ልጀምር።

ፉቲንጉ ተሞልቷል ብለሻል። እንግዲያው የኮለኑ ፌሮ መነሻ አብሮ ተቀብሮ ጫፉ ከላይ ብቅ ብሎ ቆሟል። ነገ ጠዋት ሂጂና ቁጠሪው። ከአንዱ ጉድጓድ 6 ባለ 14 ወጥቶ ከሆነ፣ ፎርማኑ የሚጨምረው ሰባተኛው ባለ 12 ከምን ጋር ሊያያዝ ነው? ከሥር የሚቀበለው የለም። ኮንክሪቱ ሲሞላ ይደበቃል እንጂ ጭነቱን በአግባቡ ወደ ፉቲንጉ አያወርድም። ይህን ጥያቄ ለራሱ ለፎርማኑ አቅርቢለት፣ ፊቱን አይተሽ ብዙ ነገር ትረጃለሽ።

ሂሳቡም ቢሆን አይወጣም። ፌሮ የሚሸከመው በብዛቱ አይደለም፣ ሲቆረጥ ጫፉ ላይ በሚታየው ክብ ስፋት ነው። የባለ 14 ክብ 154 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ የባለ 12 ደግሞ 113። በስም በ2 ሚሊ ብቻ የሚለያዩ ይመስላል፣ በአቅም ግን ከሩብ በላይ ይራራቃሉ። 6 ባለ 14 ብለሽ ስትደምሪ 924 ይመጣል። 7 ባለ 12 ግን 791። ከሰባት አንድ እጅ ቀለጠ ማለት ነው። 8 ብታደርጊው 905 ይሆናል፣ ያኔም ትንሽ ይጎድላል፤ በዚያ ላይ ቀጭን ፌሮ ከወፍራሙ ቀድሞ ስለሚጎብጥ ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ይበልጥ መቀራረብ አለበት፣ ፌሮው ሲበዛ ደግሞ ጠጠር የሚያልፍበት ክፍተት ይጠብና ኮንክሪቱ ውስጥ ባዶ ኪስ ይቀራል። ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) ላይ ሲሆን ይህ ይብሳል።

ጨርሶ አይቀየርም እያልኩሽ አይደለም። አንድ ቁጥር ከገበያ መጥፋቱ የተለመደ ነው። የፌሮው ጥሬ ዕቃ ራሱ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፣ እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት እጅ ይነካዋል። ግን የሚቀይረው ፕላኑን የፈረመው መሐንዲስ ነው፣ በጽሑፍ፣ ስታፋውንም አብሮ አስተካክሎ። ስልክ ደውለሽ «14 አጣሁ፣ ምን ልሥራ» ብትዪው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ምናልባትም 16 ተጠቀሚ ይልሻል፣ 5 ባለ 16 ከ6 ባለ 14 አያንስም። ግን እኔ ስላልኩሽ እንዳትሠሪው። መነሻው 6 ነው፣ የኮለኑ ቅርጽም ለ5 ላይመች ይችላል። እሱ ይወስን።

እግረ መንገድሽን ስታፋውንም ተመልከቺው። ብዙ ጊዜ ባለ 8 ነው። ጫፉ 90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ከሆነ አትቀበዪ። ወደ ኮለኑ ሆድ ዞሮ በ135 ዲግሪ መግባት አለበት፣ ከታጠፈ በኋላም 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጭራ ይኑረው። ምክንያቱም ኮለን ከመጠን በላይ ሲጫን መጀመሪያ የሚረግፈው የውጭው ቆዳ ነው። ቆዳው ሲረግፍ 90 ዲግሪ የታጠፈው ስታፋ እንደ ላላ መቀነት ይፈታል። ወደ ውስጥ የገባው ግን ይዞ ይቆያል። ፌራዮዎች (ፌሮ አጣፊና አሳሪዎቹ) ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። 135 ማጠፍ እጅ ያደክማል፣ የሚከፈላቸውም በኪሎ ነው።

አሁን ወደ ሻጩ። ግሬድ 40 እና ግሬድ 60 ያው አይደሉም። ቁጥሩ የአሜሪካ መለኪያ ነው፤ 60 ማለት በካሬ ኢንች 60 ሺህ ፓውንድ፣ በእኛ አቆጣጠር 420 ሜጋ ፓስካል (ብረቱ በየካሬ ሚሊ ሜትሩ የሚችለው ኃይል መለኪያ) ገደማ ነው። 40ው 280 ገደማ ነው። ግሬድ 75 የሚባልም አለ፣ 520 ገደማ። ፕላንሽ ላይ ኤስ 400 ወይም ኤስ 500 ተብሎ ተጽፎም ልታገኚው ትችያለሽ፤ እዚያ ቁጥሩ በቀጥታ ሜጋ ፓስካሉ ነው። ይህ ቁጥር ብረቱ የሚበጠስበት አይደለም። ተለጥጦ ወደ ቦታው መመለስ የሚያቅተው ከዚያ ሲያልፍ ነው።

በኩንታል እናስበው። አንድ ባለ 12 ግሬድ 60 ፌሮ ቁልቁል ሰቅለሽ ጤፍ ብታንጠለጥይበት እስከ 48 ኩንታል ድረስ ተለጥጦ ይመለሳል። ግሬድ 40ው በተመሳሳይ ውፍረት 32 ኩንታል ላይ እጅ ይሰጣል። 16 ኩንታል ልዩነት፣ በአንዲት ጣት በማታህል ብረት ላይ። መሐንዲሱ በ60 አስልቶ አንቺ 40 ብታስገቢ ከቤትሽ ብረት ሲሶውን አውጥተሽ እንደ መጣል ነው።

በተቃራኒው ደግሞ «ከፍ ያለው ግሬድ ይሻላል» ብለሽ በራስሽ ከፍ እንዳታደርጊ። ካርቦኑ በዝቶ የጠነከረ ብረት ብዙ ጊዜ ድርቅ ያለ ነው። ከፌሮ የምንፈልገው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፣ ሲሸነፍ እየተለጠጠ እንዲሸነፍ ነው። ቢሙ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ሰው አይቶ ይወጣል። ድርቁ ብረት ግን ሳይናገር ይበጠሳል። አሁን የምንሠራበት፣ በፈረንጆቹ 2015 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ የአውሮፓውን ተከትሎ ፌሮን በሦስት የመለጠጥ ደረጃ የሚከፍለውም ለዚህ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚለጠጠው ደረጃ ከመበጠሱ በፊት ቢያንስ 7.5 በመቶ መለጠጥ አለበት።

ቤት ላይ የሚቻል ቀላል ፈተና አለ። ከመጣው ጭነት አንድ ፌሮ አውጥተሽ ባለ 12ቱን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ቧንቧ ዙሪያ እስኪዞር አሳጥፊው። ከዚያ የታጠፈበትን የውጭ ጀርባ በጣትሽ ዳስሺው። ስንጥቅ ካለው መልሺው። ስንጥቅ የለውም ማለት ግሬዱ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ያንን የሚነግርሽ የላብራቶሪ መጎተቻ ማሽን ብቻ ነው። ለጂ ፕላስ 2 ከየውፍረቱ 3 ናሙና ቆርጦ ማስፈተን ከጠቅላላ ወጪሽ አንጻር ምንም ማለት አይደለም። ፌሮው ላይ በየሜትሩ ገደማ የፋብሪካ ምልክት ተነቅሶ ይመጣል፤ ምልክት የሌለው ከሆነ ሻጩ የማለውን መሐላ እንኳን አትስሚ።

ቃል የገባሁልሽ ታሪክ እዚህ ይገባል። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ክረምት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ዘንቦ መሽቷል፣ መኪናው ባለ 12 ፌሮ ጭኖ ሲደርስ ደክሞኝ ስለነበር በስልክ መብራት ቆጥሬ ፈረምኩ። ጠዋት ሽማግሌው ፌራዮ አንዱን ቤርጋ (ሙሉውን ዘንግ) በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘና «ኢንጂነር፣ ይህ ነገር እጄ ላይ ቀለለኝ» አለ። በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለካሁት፣ 12 ይላል። አንድ ሜትር አስቆርጬ ማዶ ያለው ሥጋ ቤት ሄድኩና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። 740 ግራም። ሥጋ ቆራጩ «ይህን ያህል አጥንት ይዘህ ከየት መጣህ» እያለ ሲስቅ እኔ አልቦኛል።

ባለ 12 ፌሮ አንድ ሜትሩ 888 ግራም መሆን አለበት። ሦስት ስምንት፣ አይረሳም። እንደ መመዘኛው ከ4 እስከ 6 በመቶ መዋዠቅ ይፈቀዳል። የእኔው 17 በመቶ ገደማ ቀሎ ነበር። ስሙ 12 ሆኖ ሰውነቱ 11 ነበር ማለት ነው። ካሊፐሩ ያታለለኝ ጥርሱን አብሮ ስለለካ ነው፤ ጥርስ ያለው ፌሮ በካሊፐር አይታመንም፣ በሚዛን ነው የሚታመነው። በኩንታሉ ሂሳብ ያ ብረት 48 ሳይሆን 40 ኩንታል ብቻ ነበር የሚችለው። ሻጩ ያልተነካውን መልሶ ወሰደ፣ ለግሬድ ቢም (መሬት ላይ ለሚያርፈው ቢም) የተቆራረጠውን ግን «ፈርመሃል» አለኝ። እሱ ከደሞዜ ሄደ።

የሁሉም ክብደት በአንድ ሂሳብ ይወጣል። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ወስደሽ በራሱ አባዢው፣ ከዚያ ለ162 አካፍዪው፣ የአንድ ሜትር ኪሎ ይሰጥሻል። ለ12፣ 144 ለ162 ሲካፈል 0.888። ባለ 8 395 ግራም ነው፣ ባለ 10 617 ግራም፣ ባለ 14 1.21 ኪሎ፣ ባለ 16 1.58፣ ባለ 20 2.47። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ በ12 አባዢው፤ ባለ 14 ቤርጋ 14.5 ኪሎ ይመጣል። ቤርጋው ራሱ 12 ሜትር መሆኑንም ለኪ፤ 11 ከግማሽ የሆነ አጋጥሞኛል።

ልብ በዪ፣ በኪሎ ከገዛሽ ቀጭኑ ብረት ገንዘብሽን አይወስድም፣ የሚወስደው የቤትሽን አቅም ነው። በቤርጋ ከገዛሽ ሁለቱንም ይወስዳል።

ስለ ቤቱ ፌሮ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምርና ወደ መጋዘኑ እንሂድ። አንደኛ፣ የማሰሪያ ሽቦ ሲያልቅባቸው ስታፋውን በብየዳ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ማያያዝ የጀመሩ ሳይቶች አይቻለሁ። አስቁሚ። ተራ ፌሮ ለብየዳ የተሠራ አይደለም፣ ነጥቡ ያረፈበት ቦታ ይደርቅና ለመበጠስ ይመቻል። በእሳት አግሎ ማጠፍም እንዲሁ ነው። የዛሬ ፌሮ አብዛኛው ፋብሪካ ውስጥ ትኩስ እያለ ውኃ ተረጭቶበት ቆዳው የጠነከረ ነው፣ እንደገና ስታግይው ያንን ጥንካሬ ታወጪዋለሽ። ሁለተኛ፣ በረንዳ። እንደ ምላስ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ዋናው ፌሮ ከላይ ነው የሚሆነው፣ ከታች አይደለም። ምክንያቱም ሲጫን የሚጎተተው የላይኛው ፊቱ ነው፣ ኮንክሪት ደግሞ መጨመቅ እንጂ መጎተት አይችልም። ሶሌታ (የወለሉ አርማታ) በሚሞላበት ቀን ባሬላ የያዙ ልጆች እየረገጡት ወደ ታች ይሰምጣል፣ ማንም አያየውም። አንቺ እዪው። በረንዳው አጠገብ ወንበር አስመጥተሽ ተቀመጪ።

ሦስተኛው ዝገት ነው። «ጣና ዳር ስለሆንን የሐይቁ አየር ብረት ይበላል» የሚሉ አሉ። ጣና እኮ ጨዋማ አይደለም። ምፅዋ ወይም ጅቡቲ ቢሆን የባሕሩ ጨው ኮንክሪት ሰርጎ ፌሮውን ይበላዋል፣ እኛ ጋ ያ የለም። የእኛ ጠላት ክረምቱ፣ ውኃ የሚያቁረው ጥቁር አፈርና የኮንክሪት ልባስ (ፌሮውን የሚሸፍነው ኮንክሪት) መሳሳት ነው። ጤነኛ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ፌሮ አይዝግም፣ የሲሚንቶው ባሕርይ ይጠብቀዋል። ግን ፌሮው ከሳጥኑ እንጨት ጋር ተጣብቆ ከተሞላ እርጥበቱ ቶሎ ይደርስበታል፣ የዛገው ብረት ደግሞ ከቀድሞው ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይፈልግና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ሊን ኮንክሪት (ከሥር የሚነጠፍ ስስ ኮንክሪት) ላይ ለሚያርፍ ፉቲንግ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር፣ በቀጥታ አፈር ላይ ከሆነ 7.5፣ ለኮለንና ለቢም ፕላኑ ካልጨመረ 2.5 ገደማ ልባስ ያስፈልጋል። ፌሮውን ከሳጥኑ የምታርቂው በድንጋይ ስብርባሪ ሳይሆን በተሠራ ስፔሰር ይሁን። ለጊዜው የተከመረውን ፌሮ በአጣና ላይ ከመሬት አንሺው፣ በሸራ አልብሺው። ቡናማ አቧራ የመሰለ ስስ ዝገት አያሳስብሽ፣ በጨርቅ ስታሺው የሚለቅ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ቅርፊት እየተላጠ የሚወድቅ ከሆነ ግን የሽቦ ብሩሽ አስይዢና ጠርገሽ መዝኚው።

አሁን የወንድምሽ አይ ቢም።

ወንድምሽ ሞኝ አይደለም፣ አዲስ አበባ ያየውን ነው የነገረሽ። ፌሮና አይ ቢም ሁለቱም ብረት ቢሆኑም ሥራቸው ለየቅል ነው። ፌሮ ብቻውን አይቆምም፣ ኮንክሪት ውስጥ ገብቶ መጎተቱን ይሸከማል። አይ ቢም ግን ራሱ አጥንትም ሥጋም ነው። የዚህ ብረት ስያሜ ኤስ 235፣ ኤስ 275፣ ኤስ 355 ነው፤ ቁጥሩ እዚህም ሜጋ ፓስካል ነው። ካርቦኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለብየዳ ይመቻል።

ቅርጹ ለምን እንዲያ ሆነ ካልሽ፣ ሳንቃ በጠፍጣፋው አጋድመሽ ብትረግጪው ይለምጣል፣ በጠርዙ ብታቆሚው ግን ይሸከምሻል። አይ ቢም ማለት በጠርዙ የቆመ ሳንቃ ነው፤ ብረቱ ከላይና ከታች ተከማችቶ መሃሉ ስስ ሆኗል። ለቢም ተፈጠረ። ኮለን ሲሆን ግን ወደ የትኛው ጎን እንደሚጎብጥ ስለማይታወቅ ሰፋ ያለውን፣ ኤች የሚመስለውን እንወስዳለን። በክብደት እዪው፤ አይ ፒ ኢ 200 የሚባለው አንድ ሜትሩ 22.4 ኪሎ ነው፣ ኤች ኢ ኤ 200 ግን 42.3። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው። ዋጋውም አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ኤስ 355 ከኤስ 235 ይጠነክራል፣ ግን በተመሳሳይ ቅርጽና ጭነት የሚለምጡት እኩል ነው። የሁሉም ብረት ግትርነት ያው ነው፣ 200 ጊጋ ፓስካል ገደማ። ስለዚህ «ጣሪያው ለመጠብኝ፣ ጠንካራ ብረት ስጡኝ» ማለት አይሠራም። መፍትሔው ከፍታውን መጨመር ነው።

ለአንቺ ቤት ግን አይ ቢም አልመክርሽም። ክፍሎችሽ 4፣ 5 ሜትር ናቸው፣ ለዚያ አርማታ ይበቃል፣ ሠራተኛውም ያውቀዋል። አይ ቢም ክሬን ይፈልጋል፣ ቦልቱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ ፉቲንግሽም ለእሱ አልተሠራም። እሳትም አለ። ብረት 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፤ ፌሮን ኮንክሪቱ ይከልልለታል፣ ራቁቱን የቆመ አይ ቢም ግን ልባስ ካልተደረገለት የሚከልለው የለም። 10፣ 15 ሜትር ያለ ምሰሶ መሻገር ስትፈልጊ፣ ወይም ቶሎ ማለቅ ያለበት ሥራ ሲሆን ነው ጌታው እሱ።

በነገራችን ላይ ግንቦት 2016 የተመረቀው የአባይ ድልድያችን ላይ የሚታዩት ገመዶች ከነዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። 380 ሜትሩን ድልድይ የሚያግዘው ገመድ ከቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚመረተው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ እስኪበጠስ 1860 ሜጋ ፓስካል ይችላል። ከፌሮሽ አራት እጥፍ በላይ። ግን የሚሠራው ተወጥሮ ብቻ ነው። ለቤት አይሆንም፣ አይቅናሽ።

መጋዘኑ ላይ በያጅሽ ግማሽ እውነት አለው። ለ8 ሜትር ስፋት ቱቦላሬ ትራስ (ጣሪያውን የሚሸከመው የተበየደ አጽም) ይበቃል። አንግል አይረንም ይሆናል፤ እንደውም አንግል ዙሪያውን ስለሚታይ ቀለም ለመቀባት ይመቻል፣ ቱቦላሬ ከውስጥ ሲዝግ አይታይም። ቱቦላሬ ከሆነ ጫፎቹ ሁሉ በላሜራ ታፍነው ይበየዱ፣ ካልሆነ የክረምቱ ውኃ ገብቶ ውስጥ ይተኛል።

ውፍረቱን ግን እንደ ፌሮው ተጠንቀቂ፣ እዚህ ሌብነቱ ይብሳል። ባለ 60 በ40፣ «2 ሚሊ» ተብሎ የሚሸጠው 6 ሜትሩ 17 ኪሎ ተኩል ገደማ መምጣት አለበት። 13 ተኩል ከመጣ የሰጡሽ 1.5 ሚሊ ነው። ጫፉን በካሊፐር ብትለኪ የቁረጣው ጥርስ ወፍራም ያስመስለዋል፣ ስለዚህ መዝኚ። ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፤ ባለ 28 ወደ 0.4 ሚሊ ሲሆን ባለ 35 ወደ 0.2 ነው። ትልቁን ቁጥር የመረጥሽ መስሎሽ ወረቀት እንዳትገዢ። ለመጋዘን ከባለ 28 የሳሳ አትግዢ።

ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ ቱቦላሬ አቁመው ይበይዱት፣ 60ው ወደ ላይ። በያጆች ለመበየድ ስለሚመች ያጋድሙታል። ያው ብረት፣ ያው ዋጋ፣ ግን ሲቆም ግትርነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያ ሳንቃ ትዝ አለሽ?

የሚረሳው ትልቁ ነገር ሰያፍ ማሰሪያ ነው። ምሰሶ፣ ትራስ፣ ቆርቆሮ ተሠርቶ ያልቅና ሁሉም አልቋል ይባላል። ከሐይቁ በኩል ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ታውቂዋለሽ። ባዶ መጋዘን ቀላል ነው፣ ነፋስ ከጎን ይገፋዋል፣ በበሩ ገብቶ ደግሞ ጣሪያውን ወደ ላይ ያነሳዋል። በሁለቱ ጫፍ ግድግዳውም ጣሪያውም ላይ በኤክስ ቅርጽ መታሰር አለበት፣ በአንግል ወይም በክብ ብረት። የምሰሶው እግር ላይ ያለው ላሜራም ከኮንክሪቱ ጋር በአንከር ቦልት ይያዝ፣ ፌሮ ቀብረው ከጎኑ በመበየድ አይደለም። ለምን እንዳልኩ ከላይ አንብበሻል።

ቦልት ስትገዢ ራሱ ላይ የተነቀሰውን አንብቢ። 8.8 የሚለው 800 ሜጋ ፓስካል ላይ ይበጠሳል፣ የሚሸነፈው የዚያ 0.8 ላይ፣ 640። 4.6 የሚለው 400 እና 240 ነው። በዓይን አንድ ናቸው፣ በአቅም አይደሉም። ኤሌክትሮድም (የብየዳ ዘንጉ) እንደዚያው፣ ቁጥሩን አንብቢ። 6013 ለቀጫጭኑ ቱቦላሬ ይሆናል። ዋና ጭነት ለሚያልፍበት ወፍራም ላሜራ 7018 ይሻላል፤ እሱ ግን እርጥበት አይወድም፣ በሐምሌ ፓኬቱ ተከፍቶ ሳይት ላይ ካደረ ብየዳው ውስጥ ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላል። ካርቶኑን ቤትሽ አስቀምጪው፣ ለበያጁ የዕለቱን ብቻ ስጪው። ይስቅብሻል፣ ይሳቅ።

አንቲ ረስት ከመቀባቱ በፊት የብየዳው ቅርፊት ይጠረግ። አቧራና ዘይት ላይ የተቀባ ቀለም ክረምት ሲገባ አብሮ ይላጣል።

እህሉን በጆንያ ነው በግልብጥ የምታስቀምጪው? እሱን አልጻፍሽም። በግልብጥ ከሆነ እህል ግድግዳውን ወደ ጎን ይገፋል፣ ያ ሌላ ስሌት ነው፣ በያጁ በግምት አይሠራውም። በጆንያ ከሆነ ከግድግዳው ራቅ አድርገሽ ትደረድሪያለሽ፣ ችግር የለውም። ይህንን መልሺልኝ፤ በያጁ የሣለውንም ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ላኪው፣ የትራሱ ከፍታና ሰያፉ የት እንደሆነ ብቻ ይታየኝ። የኮለኑን መነሻ ግን እኔን ሳትጠብቂ ነገ ቁጠሪው።